ክሩ ከዝንቡ ይቀድማል

በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ምሽት የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሥራሽ አይደለም፤ ከሥራ ውጪ በደንብ ስለምታውቂው ነገር ንገሪን» አሉኝ። እኔ ሲያትል አካባቢ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ከሥራ ውጪ በደንብ የማውቀው ነገር ቢኖር ባሕር ዳር ቆሞ ሳልመን ማጥመድ ነው። ስለዚህ የዛሬው ርእሴ «ጨው ውሃ ውስጥ ላለ ሳልመን ክርና ዝንብ እንዴት ይመረጣል?» የሚል ነው። ሳቃችሁን ጨርሱ፤ እጠብቃለሁ።

ርእሱን ለቀልድ አልመረጥኩትም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሲያትል፣ ከፖርትላንድ፣ ከቫንኩቨር የመጣችሁ አላችሁ። ባሕሩ ከቤታችሁ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አንዳንዶቻችሁም ዘንግ ገዝታችሁ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጣችኋል፤ አውቃለሁ። በዚህ ዓይነት አጠማመድ የምትይዙትን ዓሣ ብዙ ጊዜ መልሳችሁ ትለቁታላችሁ። የመረጣችሁት ዕቃ ዓሣውን መያዝ አለመያዛችሁን ብቻ ሳይሆን ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ መኖር አለመኖሩንም ይወስናል። ይህ ደግሞ ሐኪምን ይመለከታል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እንግሊዝኛው «ፍላይ» ይለዋል፤ ዝንብ ማለት ነው። ነገሩ የተጀመረው ወንዝ ላይ ሲሆን መንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር እየታሰረ በራሪ ነፍሳትን ይመስል ነበር። ባሕር ላይ ግን የሳልመን ዋና ምግብ ዝንብ አይደለም። እዚያ የምናስረው ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ የሚመስል ነገር ነው። ስሙ ግን ዝንብ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ዝንብ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከተራ ማጥመጃ የሚለየው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ተራው ዘንግ የሚወረውረው ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ወይም እርሳስ ነው። ዝንብ ግን ያን ያህል ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው፤ ዝንቡ ተከትሎት ይሄዳል። ለዚህም ነው ክሩ ወፍራም፣ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው፣ በክብደት የሚመደብ የሆነው። ቁጥር 6 የሚባለው ክር የመጀመሪያው 9 ሜትሩ 10 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ቁጥር 8 ደግሞ 13 ግራም ተኩል ገደማ። ዘንጉም በዚያው ቁጥር ይገዛል። ለእኛ ባሕር ከ6 እስከ 8 ያለው ይበቃል፤ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 7ን ቢወስድ አይቆጭም።

አሁን ወደ ቦታው። ፒውጀት ሳውንድ የሚባለው የሲያትል ባሕር፣ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ቦርቡሮት የሄደ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ወደ ውስጥ የገባ የባሕር ክንድ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል የሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ልዩነት የሚታይባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ውሃ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሲያልፍ ወንዝ ይመስላል፤ ትንንሾቹን ዓሦች እየገፋ ወደ አሸዋው ጫፍና ወደ ጥልቁ አፋፍ ያመጣቸዋል። ሳልመኑም እዚያ ይጠብቃቸዋል። ምዕራብ ሲያትል ያለው ሊንከን ፓርክ፣ ሃንስቪል አጠገብ ያለው ፖይንት ኖ ፖይንት፣ ዊድቢ ደሴት ላይ ያለው ቡሽ ፖይንት የታወቁት ለዚሁ ነው።

ሳልመን ወደ ተወለደበት ወንዝ ከገባ በኋላ መብላቱን ያቆማል። ባሕር ውስጥ ሳለ ግን ገና እየበላ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ሁለት ነው፦ የት ጥልቀት ላይ ነው ያለው? ምንስ እየበላ ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ክሩ ነው፤ ሁለተኛውን ዝንቡ።

ብዙ ጀማሪ ሱቅ ገብቶ የሚያየው ዝንቡን ነው። የሚያብረቀርቀውን፣ ባለ ዓይኑን፣ ባለ ሰማያዊ ጸጉሩን ሃያውን ገዝቶ ይወጣል፤ ክሩን ግን ዘንጉ ላይ የመጣውን ይጠቀማል። ይህ ማለት ምርመራ ሳይደረግ መድኃኒት መጻፍ ነው። ዓሣው ሁለት ሜትር ሥር እያለፈ ዝንቡ ላይኛው ውሃ ላይ ቢደንስ፣ ዝንቡ ምን ያህል ቢያምር ምን ዋጋ አለው? ለዚህ ነው «ክሩ ከዝንቡ ይቀድማል» የምለው።

ክር በሦስት ይከፈላል ብላችሁ ያዙት።

አንደኛው ተንሳፋፊው ነው። ውሃ ላይ ይተኛል። ለወንዝ ጥሩ ነው፤ ባሕር ላይ ግን ሞገድ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፣ ያጣምመዋል። ክሩ ሲጣመም ዓሣው ቢነክስም እጃችሁ አይሰማውም። ሆኖም ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፦ ከላይ የሚንሳፈፍ ዝንብ ስትጠቀሙና ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ በሆነበት ዳርቻ ቀስ ብላችሁ ስታጠምዱ።

ሁለተኛው «ኢንተርሚዲዬት» የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚሰምጠው ነው። በሴኮንድ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከሞገዱ ሥር ገብቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ትንሿም ንክሻ እጅ ላይ ትደርሳለች። ቀለም የሌለው ዓይነትም አለ። ከባሕር ዳር ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው አንድ ክር ብቻ ግዛ ቢባል መልሱ ይኸው ነው። ኮሆ የሚባለው ሳልመን፣ በተለይ ጎህ ሲቀድ፣ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ላይኛው ውሃ ውስጥ ይዞራልና ይህ ክር ካለበት ያገኘዋል።

ሦስተኛው ፈጥኖ የሚሰምጠው ነው። ይህ ደረጃ ደረጃ አለው። «ታይፕ 3» የሚባለው በሴኮንድ ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር፣ «ታይፕ 6» የሚባለው ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። የመጀመሪያው ዳርቻው ድንገት ለሚዘቀዝቅበት ቦታና ፀሐይ ወጥታ ዓሣው ዝቅ ሲል፣ ሁለተኛው ይበልጡን ለጀልባ ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው መቁጠር ብቻ ነው። ክሩን ወርውራችሁ ቁጠሩ። በኢንተርሚዲዬት ክር እስከ አሥር ብትቆጥሩ ግማሽ ሜትር ገደማ ወርዷል፤ እስከ ሃያ ከቆጠራችሁ አንድ ሜትር ገደማ። በአምስት ካልነከሰ በአሥር፣ በአሥር ካልነከሰ በሃያ ሞክሩ። ሲነክስ የቆጠራችሁትን አትርሱ፤ ቀጣዩም እዚያው ነውና። መጠን እየጨመሩ መድኃኒት መስጠት የለመደ ሰው ለዚህ አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ዝንቡ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ነው የማየው፦ መጠን፣ ቅርጽ፣ እንቅስቃሴ። ቀለም አራተኛ ነው።

ፒውጀት ሳውንድ ውስጥ የኮሆ ዋና ምግብ ሄሪንግና ሳንድ ላንስ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ናቸው። ሳንድ ላንስ እንደ እርሳስ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ማታ ማታ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። ስለዚህ ዝንቡ ቀጭን፣ ጀርባው ወይራማ ወይም ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጭ፣ ርዝመቱ ከ5 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጸጉር አታብዙበት። ጠቅጥቀው ያሰሩት ዝንብ ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ ውሃ ውስጥ ግን እንደ መጥረጊያ ይሆናል። የሲያትሉ ሌቸር ላምቡት ባለፈው ክፍለ ዘመን እነዚህን ትንንሽ ዓሦች በቅርብ አጥንቶ በተለያየ ቀለም ጸጉር የሠራቸው ዝንቦች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

በጣም የታወቀው ግን «ክላውዘር» ነው። ቦብ ክላውዘር የሚባል የፔንስልቬንያ ሰው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለወንዝ ዓሣ ብሎ የሠራው ነው። ጥቂት የአጋዘን ጅራት ጸጉርና ከብረት የተሠሩ ሁለት ክብ ዓይኖች አሉት፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ዓይኖቹ ከባድ ስለሆኑ ክሩን ስትስቡ ዝንቡ ይነሳል፣ ስታቆሙ በራሱ ይዘቀዘቃል። የተጎዳ ዓሣ እንዲህ ነው የሚዋኘው። የመንጠቆውም ጫፍ ወደ ላይ ስለሚዞር አሸዋና የባሕር ሣር አይዝም።

እንቅስቃሴውን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ኮሆ የሚሸሽ ነገር ይወዳል፦ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈጠን አድርጎ መሳብ፣ ጥቂት ማቆም፣ እንደገና። ውሃው ጸጥ ባለበት ንጋት ደግሞ ከላይ እየተንጨፋጨፈ የሚሄድ የስፖንጅ ዝንብ አለ፤ በሠራው ሰው ስም ሚያዋኪ ይሉታል። ኮሆ ከኋላው ውሃውን እየሰነጠቀ ሲከተለው ማየት፣ እውነቴን ነው፣ ለልብ ሕመምተኛ የማላዘው ነገር ነው።

ቀለምን አራተኛ ያደረግኩት ንቄው አይደለም። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል፤ ሱቅ ውስጥ ደማቅ ቀይ የነበረው ጥቂት ሜትር ሥር ሲደርስ ግራጫ ይሆናል። በፕላንክተን አረንጓዴ በሆነው በእኛ ባሕር ውስጥ ርቆ የሚሄደው አረንጓዴው ብርሃን ነው። ቢጫ አረንጓዴና ነጭ የሆነው ዝንብ ደመናማ ቀንም ሆነ ድፍርስ ውሃ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

ምግቡ ሲለወጥ ሁሉም ይለወጣል። ፒንክ ሳልመን ፒውጀት ሳውንድ በብዛት የሚመጣው በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ነው፤ በ2023 እና በ2025 (እ.ኤ.አ.) እንደመጣው ማለት ነው። ጊዜውም ነሐሴ ነው። የሚበላው ይበልጡን ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል ነገር ስለሆነ ትንሽ፣ ሳሳ ያለ ሮዝ ዝንብ ይበቃዋል። አሳሳቡም ዝግ ያለና እኩል ይሁን። ኮሆን እንዳሳደዳችሁት ፒንክን ብታሳድዱት ዞር ብሎ አያያችሁም። የቸም ሳልመን ወቅት ኅዳር ነው፤ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ተንሳፋፊ ክርና ትንሽ አረንጓዴ ዝንብ፣ ቀስ እያለ። እዚህ ላይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን አባባል በትክክል ይሠራል። ክረምታቸውን ደግሞ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ውቅያኖስ ሳይወጡ እዚያው የሚቀሩ ትንንሽ ኮሆዎች አሉ። የጣት ጥፍር የምታክል ሽሪምፕ ይበላሉ፤ ዝንባችሁም እንዲሁ ትነስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ።

ዓሣው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምታዩት ጀርባውን ነው። ከጅራቱ ትንሽ ቀደም ብሎ አንዲት ሥጋማ ትንሽ ክንፍ አለች። ማራቢያ ጣቢያ ያደጉ ሳልመኖች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ይህች ክንፍ ትቆረጥባቸዋለች፤ ምልክት ናት። ክንፏ ካለች ዓሣው ወንዝ ውስጥ በተፈጥሮ የተወለደ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ በብዙ ቦታና ወቅትም መለቀቅ አለበት። ሕጉ በየዓመቱ፣ አንዳንዴም በዓመቱ መካከል ይለወጣልና ከመውጣታችሁ በፊት የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ያወጣውን እዩ።

ይህ ጥንቃቄ ከሜዳ አልመጣም። የፒውጀት ሳውንድ ቺኑክ ሳልመን ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተመዝግቧል። እሱን እየበሉ የሚኖሩት የአካባቢው ኦርካዎችም በ2005 የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተመድበዋል። ዳኛ ጆርጅ ቦልት በ1974 በሰጡት ውሳኔ መሠረትም በውል መብታቸውን ያስጠበቁት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ሊጠመድ ከሚችለው ሳልመን የእኩሌታ ድርሻ አላቸው። እኛ እንግዶች ነን። የእንግዳ ወግ ደግሞ ከአገራችን ይዘነው የሄድነው ነገር ነው።

ኮሆ ባሕሩን አልፎ ወንዝ ሲገባም አላበቃለትም። ሲያትል ውስጥ እንደ ሎንግፌሎ ባሉ ጅረቶች ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቁላላቸውን ሳይጥሉ የሚሞቱ ኮሆዎች ተመራማሪዎችን ለዓመታት ሲያስጨንቁ ኖረዋል። በ2020 መጨረሻ ላይ መልሱ ታተመ፦ የመኪና ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር 6ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ከኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው መርዝ ነው። ዝናቡ ከአስፋልት አጥቦ ጅረት ውስጥ ይጨምረዋል። እጃችሁ ላይ ያለው ዓሣ ገና ይህን ሁሉ የሚያልፍ ነው። የእናንተ ድርሻ ሸክሙን አለመጨመር ነው።

እንዴት? እዚህ ላይ ወደ ክርና ዝንብ እንመለሳለን፤ ምርጫው ከሱቅ ስለሚጀምር።

የጫፉን ክር አታቅጥኑ። ከዋናው ክር ቀጥሎ ዝንቡ የሚታሰርበት ግልጽ ክር 5 ኪሎ ገደማ የሚችል ይሁን። በቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ መያዝ እንደ ጀግንነት ይወራል፤ ትርጉሙ ግን ዓሣው ለረጅም ጊዜ መታገሉ ነው። ለረጅም ጊዜ የታገለ ጡንቻ ምን እንደሚያጠራቅም ለዚህ ጉባኤ አልነግርም። ላክቴት ምን እንደሆነ እዚሁ ነው የተማርነው።

መንጠቆው አንድ፣ አጭርና ጥርስ የሌለው ይሁን። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የምትመለስ ትንሽ ጥርስ አለች፤ በጉጠት ጨፍልቋት። በዋሽንግተን ባሕር ላይ ለሳልመን ይህ ግዴታ ነው፤ ባይሆንም ማድረግ ይገባል። ረጅም መንጠቆ ጫፉ ዓይን ድረስ ሊደርስ ስለሚችል አጭሩ ይመረጣል።

ከውሃ አታውጡት። የዓሣ ስንጥብ ከውሃ ሲወጣ ቀጫጭን ገጾቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በአየር ተከቦ ይታፈናል። በ1992 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። በሬይንቦ ትራውት ላይ የተደረገ ነው፤ ትራውት የሳልመን ዘመድ ነው። እስኪደክሙ ከተባረሩት ዓሦች በኋላ የሞቱት 12 በመቶ ነበሩ። ከተባረሩ በኋላ 30 ሴኮንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶ፣ አንድ ደቂቃ ከቆዩት 72 በመቶ ሞቱ። ፎቶ ለመነሳት ስልክ እስኪከፈት አንድ ደቂቃ ምንም አይደለም። ለእሱ ግን ሕይወቱ ናት። ገና ከባሕር ያልወጣ ሳልመን ቅርፊቱም በቀላሉ ይረግፋል፤ በደረቅ እጅ አትንኩት። መንጠቆውን በጉጠት ይዛችሁ ገልበጥ ስታደርጉት፣ ጥርስ ከሌለው፣ ዓሣው ራሱ ይወርዳል።

ወደ አገራችንም ልምጣ፤ ግንኙነቱ የሩቅ አይደለም። የባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ፤ የተናገርኩት የዝንብና የክር ጉዳይ እዚያም ይሠራል። ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጣና ነው። ጣና ውስጥ የላቢዮባርበስ ወገን የሆኑ 15 ገደማ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነሱ በርካቶቹ በክረምት እንደ ሳልመን እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ። የወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ የሚጠብቃቸው በዚያው ወቅት ነው። ባሕር ዳር ያለ ዓሣ አጥማጅ ልጆቹን የሚያበላው በዚህ ነውና ለመዝናኛ ከሚያጠምድ ሐኪም ምክር አያስፈልገውም። ነገር ግን የት፣ መቼ፣ በምን ዕቃ እንደሚጠመድ የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም ባሕር አንድ ነው። እዚህ ያላችሁ መምህራን ከባዮሎጂ ክፍሉ ባልደረቦቻችሁ ጋር ሻይ ስትጠጡ ብታነሱት ደስ ይለኛል።

ለመሞከር ለምትፈልጉ ዝርዝሩ አጭር ነው። ቁጥር 7 ዘንግ አንድ፤ ቀለም የሌለው ኢንተርሚዲዬት ክር አንድ፤ ዝንብ ሦስት፦ ቢጫ አረንጓዴና ነጭ ክላውዘር፣ ቀጭን ወይራማ ሳንድ ላንስ፣ ትንሽ ሮዝ። ወገብ ላይ የሚታሰር ቅርጫት፣ የሳባችሁት ክር ሞገድ ውስጥ እንዳይጠላለፍ። ጉጠት። ውሃ የማያስገባው ሱሪ ከነቀበቶው፤ ባሕሩ በበጋም ቀዝቃዛ ነው፣ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል»፣ ከጉልበት በላይ አትግቡ። ፈቃድ አውጡ።

ጊዜው ቀላል ነው። እዚህ አደይ አበባ ሲፈነዳ እዚያ ኮሆ ይገባል። ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ሲያትል ከሆናችሁ ከጎህ በፊት ደውሉልኝ፤ ተረኛ ካልሆንኩ አነሳለሁ።